በማንሾካሾክ ወንጀል

ውድ አንባቢያን፣ በዚህ አገር ሰው በብዙ ነገር ታስሯል። በመሬቱ የታሰረ አውቃለሁ፣ ባነበበው መጽሐፍ የታሰረ አውቃለሁ፣ በፀጉሩ እርዝማኔ የታሰረም አውቃለሁ። እኔ የታሰርኩት ግን ድምፄን ዝቅ አድርጌ በመናገሬ ነው። ነገሩን የባሰ የሚያደርገው ደግሞ በዚያ ዘመን በመላው አዋሳ (ያኔ አዋሳ ነው የምንላት) ከእኔ በላይ የሚጮህ ሰው አለመኖሩ ነው።

ሥራዬ መጮህ ነበር። ቀልዴን አይደለም፣ ደመወዝ የሚከፈለኝ ለዚሁ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ጣሪያዋ ላይ የድምፅ ማጉያ የተገጠመላት አንዲት አሮጌ ላንድሮቨር ነበረችው። ከሾፌሩ ጎን ተቀምጬ ማይክራፎኑን አፌ ላይ ደቅኜ ከሐይቁ ዳር እስከ ታቦር ተራራ ግርጌ ከተማውን ሳስጨንቅ እውላለሁ። "የተከበራችሁ የከተማችን ነዋሪዎች! እሑድ ጠዋት ስብሰባ ስላለ ማንም እንዳይቀር!" የቀረ ሰው ምን እንደሚሆን አልናገርም። መናገርም አያስፈልግም፣ የቀረ ሰው ስኳሩም ከቀበሌው ሱቅ ይቀርበታል። ሕዝቡ "ጡሩንባው" የሚል ስም አወጣልኝ። እኔም ወጣት ነበርኩና እንደ ማዕረግ ቆጠርኩት።

ታዲያ አንድ ቀን ትልቅ የድጋፍ ሰልፍ ላይ ማጉያው ተበላሸ። "ጓድ፣ አብዮቱ ኤሌክትሪክ አይጠብቅም" ተባልኩና ፀሐይ ላይ ቆሜ በባዶ ጉሮሮዬ መፈክር ሳሰማ ዋልኩ። ኢምፔሪያሊዝም ይውደም አልኩ፣ ሕዝቡ ይውደም አለ። ደግሜ አልኩ፣ ደግሞ አለ። ሲመሽ ኢምፔሪያሊዝም በደህና ጤንነት ላይ ይገኝ ነበር። የወደመው የእኔ ጉሮሮ ነው።

በማግስቱ አፌን ብከፍት ከነፋስ በቀር የሚወጣ ነገር ጠፋ። ሐኪሙ በባትሪ አብርቶ አየኝና ራሱን ነቀነቀ።

"ክፉኛ አብጧል። እስኪሻልህ ድምፅ ማውጣት የለም። የግድ ከሆነብህ ሹክ በል፣ እሱንም ባታበዛው ጥሩ ነው።"

እንግዲህ ሐኪም ያዘዘልኝን መድኃኒት ይዤ ነው ወንጀለኛ የሆንኩት።

እሑድ ጠዋት አዲስ ከተማ ሰፈር በሚገኘው የቀበሌያችን አዳራሽ ስብሰባ ነበር። ሕመም ከስብሰባ አያስቀርም፣ ሞት ራሱ ማስረጃ ይፈልጋል። ሄጄ ኋላ አግዳሚ ላይ ከጎረቤቴ ከእትዬ አስቴር አጠገብ ተቀመጥኩ። እትዬ አስቴር ባሏ የሞተባት የሲዳማ ሴት ናት፣ ልብስ እየሰፋች ልጆቿን የምታሳድግ። ቤቶቻችን አንድ የጭቃ ግድግዳ ይጋራሉ። እሷ ጴንጤ ናት። ቤተ ክርስቲያናቸው ከታሸገ ወዲህ አማኞቹ እሷ ቤት ተሰብስበው በሹክሹክታ ይጸልያሉ። በግድግዳው ውስጥ አልፎ እንደ ካፊያ ይሰማኛል፣ ቃሉ አይለይም፣ ሹሹታው ብቻ። እሷም እንደምሰማ ታውቃለች፣ እኔም እንደምታውቅ አውቃለሁ። በጉዳዩ ላይ ተነጋግረን አናውቅም።

መድረኩ ላይ የቀበሌው ሊቀመንበር ንግግር ያነባሉ። ርዕሱ ብሔራዊ ውትድርና ነው። "የእናት አገርን ጥሪ ሰምቶ ልጁን የሚደብቅ ወላጅ ከጠላት ተለይቶ አይታይም!" አሉ። አጨበጨብን። "ዛሬ የሰው ልጅ ሲዘምት የራሱን ልጅ ጓዳ የሚያስቀምጥ፣ እሱ ማን ነው?" አሉ። አጨበጨብን። ለጥያቄ ለምን እንደሚጨበጨብ አትጠይቁኝ። ገጹን ገለጡና "የእናት አገርን ጥሪ ሰምቶ ልጁን የሚደብቅ ወላጅ…" ብለው ቀጠሉ።

ያንኑ ገጽ ነው! ታይፒስቱ አንዱን ገጽ ሁለት ጊዜ ሳያያይዘው አልቀረም። ሊቀመንበሩ አላወቁትም። አዳራሹ ሙሉ ሰው ፊቱን እንደ ድንጋይ አድርጎ ያዳምጣል፣ ቅድም ያጨበጨበበት ቦታ ሲደርስም ያጨበጭባል።

ዝም ብል ምን ነበረበት? ግን ሰው ነኝ። ወደ እትዬ አስቴር ጆሮ ጠጋ አልኩና በዚያ በቀረችኝ ነፋስ፣

"ይኼንን ቅድም ሰምተነዋል፣ ሁለተኛ ጊዜው ነው" አልኳት።

እሷም እስከዚያ ሳቋን አፍና ኖሮ ነጠላዋን አፏ ላይ ጫነች። ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። በመጨረሻ ከነጠላው ሥር "ፍፍፍት" የሚል ድምፅ አመለጠ። ሊቀመንበሩ በዚያች ቅጽበት "የራሱን ልጅ ጓዳ የሚያስቀምጥ፣ እሱ ማን ነው?" የሚለው ላይ ነበሩ። ቀና አሉ። አዩን። ፊታቸው ተለዋወጠ።

"እናንተ! እዚያ ኋላ! ምንድን ነው የምታንሾካሹኩት?"

አዳራሹ ሁሉ ዞረብን። ተነሣሁ።

"ለእሷ የነገርካትን ለሕዝቡ ንገር! ጮክ በል!"

አፌን ከፈትኩ። "ህህህ" አልኩ።

"ጮክ በል እንጂ!"

"ህህህህ።"

እስቲ ፍረዱ። ያ ከሐይቅ እስከ ተራራ የሚሰማ ጡሩንባ ጮክ በል ሲባል ትንፋሹን ብቻ ያሰማል። ጉሮሮዬን በጣቴ ባሳይ "አንገቴን ቁረጡኝ ማለቱ ነው" ብሎ የተረጎመም አልጠፋም። አብዮት ጠባቂዎቹ መጥተው ከእትዬ አስቴር ጋር እየገፉ አወጡን።

የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ከአንድ ነጋዴ የተወረሰ ቪላ ነበር። እኔን ድሮ እህል ይቀመጥባት የነበረች ክፍል ውስጥ አስገቡኝ። አንድ አብዮት ጠባቂ በሩ ላይ ቆመ። ጎልማሳ የሲዳማ ሰው ነው፣ ጠመንጃውን እንደ ጃንጥላ ተደግፎ የሚያዝንልኝ ይመስላል። ቀድማ የተጠየቀችው እትዬ አስቴር ነበረች። በስሱ ግድግዳ አሁንም እሰማታለሁ፣ ዕጣችን ሆነና።

"ምን አለሽ?" ሊቀመንበሩ ናቸው።

"የነገረኝን እሱን ጠይቁት።"

"አልሰማሽም ማለት ነው?"

"ሰምቻለሁ። አልሰማሁም ብዬ አልዋሽም።"

"እንግዲያው ተናገሪ!"

"ሰው በጆሮዬ የነገረኝን ግን አላወጣም።"

አንባቢያን ሆይ፣ ስትታሰሩ አብራችሁ የምትታሰረው ሴት መዋሸትም መናገርም የማትችል እንዳትሆን ጸልዩ። "ሙቀቱን ነው ያማረረው" ብትል በቀላሉ የሚያልቅ ጉዳይ ነበር። አሁን ግን ከአንዲት ዓረፍተ ነገር ውስጥ ትልቅ ምስጢር ተሠራ። እኔ ደግሞ ሌላ ፍርሃት ገባኝ። የማንሾካሾክ ምርመራ ከተከፈተ መጨረሻው የት ነው? "ሌላስ ማን ያንሾካሹካል? በግድግዳው ምን ትሰማለህ?" ቢሉኝስ? እዚያ ቤት ከሚሰበሰቡት ሰዎች ስንቶቹ ታስረው ይቀራሉ?

ከሰዓት በኋላ ሊቀመንበሩ የንግግራቸውን ወረቀት እንደያዙ ወደ እኔ ክፍል ገቡ። ወፍራም፣ ላብ የሚያሰቃያቸው፣ በስብሰባ አንበሳ የሚሆኑ ሰው ናቸው። በርጩማ ስበው ተቀመጡና ትምህርት ጀመሩ።

"ሹክሹክታ ምን እንደሆነ ታውቃለህ? ሹክሹክታ አሉባልታ ነው። አሉባልታ ውዥንብር ነው። ውዥንብር ደግሞ ፀረ አብዮት ነው። ንጹሕ ሰው ጮክ ብሎ ነው የሚናገረው!"

በዚህ አተረጓጎም በከተማው ውስጥ ከእኔ የበለጠ ንጹሕ አልነበረም። ግን በምን ድምፅ ልንገራቸው?

"ጉሮሮዬን አሞኝ ነው" አልኩ በነፋሴ።

"ምን?"

"ጉሮሮዬን… አሞኝ…"

"አይሰማም!" ብለው በርጩማቸውን አስጠጉ። አሁንም አልሰሙ፣ ጆሯቸውን አፌ ላይ ደቀኑ። "ሐኪም ሹክ በል ብሎኝ ነው" አልኳቸው።

"የትኛው ሐኪም?" አሉኝ።

ይህን ሲሉ እሳቸውም ያንሾካሹኩ ነበር። ካላመናችሁ ቤታችሁ ሞክሩት፣ በሹክሹክታ የሚያናግራችሁን ሰው ጮክ ብላችሁ መመለስ አይሆንላችሁም፣ ድምፃችሁ ሳታዙት ይወርዳል። የሊቀመንበሩም ወረደ። ፊት ለፊት ራስ ለራስ ገጥመን እንደ ሁለት ኮረዶች ስንንሾካሾክ አብዮት ጠባቂው ከበሩ ላይ አንገቱን አስግጎ ያይ ጀመር።

"ውጣ" አሉት ሊቀመንበሩ በሹክሹክታ።

"ምን አሉኝ ጓድ?"

"ውጣ አልኩህ!"

ወጣ። በሩ ተዘጋ። ሊቀመንበሩ ወደ እኔ ዞሩ። የስብሰባው አንበሳ ቀረና ከንፈሩ የሚንቀጠቀጥ ሽማግሌ ፊቴ ተቀመጠ።

"እውነቱን ንገረኝ። ስለ ልጄ ነው አይደል?"

ግራ ገብቶኝ አየኋቸው።

"ቱላ ገጠር፣ እህቴ ዘንድ እንደተደበቀ ማን ነገራችሁ? ያቺ ሴትዮ ናት? አገሯ ስለሆነ ዘመዷ አይቶት ነው? ማን ማን ያውቃል?"

አንዳንድ ጊዜ ሰው ነገር የሚገባው ዘግይቶ ነው። እኔ ግን በዚያች ደቂቃ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ገባኝ። እኒህ ሰው የሰፈሩን ልጆች ስም እየጠሩ ለዘመቻ ሲልኩ የራሳቸውን ልጅ ለትምህርት አዲስ አበባ ሄደ ብለው ነበር። ልጁን አውቀዋለሁ፣ ሜዳ ላይ ኳስ ሲጫወት ግብ ጠባቂ የሚሆን ቀጫጫ ልጅ ነው። "የራሱን ልጅ ጓዳ የሚያስቀምጥ" ብለው ሲያነቡ ከኋላ ሁለት ሰዎች ሲንሾካሾኩና ሲስቁ አዩ። ሌላ ምን እንዲያስቡ ትፈልጋላችሁ?

"ጓድ ሊቀመንበር" አልኳቸው፣ "እኔ የነገርኳት አንዱን ገጽ ሁለት ጊዜ እንዳነበቡት ነው።"

ወረቀቱን አገላበጡ። አንዱን ገጽ አዩ፣ ሌላውን አዩ፣ ጎን ለጎን አድርገው አዩ።

"አጨበጨባችሁ እኮ" አሉ በመጨረሻ።

"አዎ ጓድ።"

"ሁለቱንም ጊዜ።"

"አዎ ጓድ።"

"ከአንተ በቀር ሌላ ሰው አላወቀም ማለት ነው?"

"ኧረ ሁሉም ሰው ያውቃል።"

ሊስቁ ቃጣቸው። ከዚያ ግን የነገሩኝ ነገር ትዝ አላቸውና ሳቁ ፊታቸው ላይ ደርቆ ቀረ። ማንም ሳይጠይቃቸው፣ ማንም ሳይመታቸው፣ በራሳቸው አፍ የልጃቸውን መደበቂያ ለጡሩንባው ነገሩት። ለጡሩንባው! "አሁን ያልኩህን…" ብለው ሲጀምሩ ውጭ መኪና ቆመ።

የመጣው ከክፍለ ሀገሩ ጽሕፈት ቤት የተላከ ካድሬ ነው። በስብሰባው ላይ ስለተነሣው "ሁኔታ" ወሬው ደርሶታል። ጥቁር መነጽር ያደረገ፣ ከሊቀመንበሩ በብዙ የሚያንስ ወጣት ነው፣ ግን ሊቀመንበሩ ከበርጩማው ተነሥተው ቆሙለት።

"ምን አገኛችሁ?"

"ገና… እየጠየቅነው ነው ጓድ" አሉ ሊቀመንበሩ።

"አንተ ተናገር" አለኝ። በጣቴ ጉሮሮዬን አሳየሁት። ትዕግሥት አልነበረውም፣ መጥቶ ጎንበስ አለና ጆሮውን ሰጠኝ።

ያቺን ቅጽበት ዛሬም አልረሳትም። የካድሬው ጆሮ አፌ ላይ ነው። ከትከሻው በላይ ሊቀመንበሩ ይታዩኛል። የምለው አይሰማቸውም፣ ከንፈሬን ብቻ ያያሉ። ላብ በግንባራቸው ወርዶ ዓይናቸው ውስጥ ገባ፣ አልጠረጉትም። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ፣ መልሰው አወረዱት።

አንዲት ቃል ነበረች። "ቱላ።" ይህቺን ብል እኔ ንቁ ታጋይ፣ እሳቸው እስረኛ፣ ልጁ ደግሞ በነጋታው በወታደር መኪና ላይ። እልህም ነበረብኝ፣ አልዋሽም። የስንቱን እናት ልጅ ሲልኩ አይቻለሁ። ግን ልጁ ምን አደረገ? ኳስ ያዘ፣ ኳስ ሳተ። አባትየው ለሱ ሲፈሩ ደግሞ በቅርብ አይቻቸው ነበር። በዚያ የአዳራሽ አንበሳ ውስጥ ይህ ሰው እንዳለ አላውቅም ነበር።

"ጉሮሮዬን አሞኝ ነው ጓድ" አልኩት በካድሬው ጆሮ። "ለጎረቤቴ ያልኳት የጓድ ሊቀመንበር ንግግር አንዴ ብቻ የሚሰማ አይደለም፣ ሁለቴም ሰማነው ብዬ ነው።"

ካድሬው ቀና አለ። ሊቀመንበሩን ረጅም ጊዜ አያቸው። ሊቀመንበሩ ግድግዳውን በእጃቸው ፈለጉ።

"ሴትየዋን አምጧት!"

እትዬ አስቴር ገባች፣ ነጠላዋን አስተካክላ።

"እሱ ተናግሯል" አላት። "አሁን አንቺ ንገሪኝ። ምን አለሽ?"

አየችኝ። በአዎንታ ራሴን ነቀነቅኩላት።

"እሱ ከተናገረማ እሺ" አለች። "ንግግሩን ሁለት ጊዜ ሰማነው ነው ያለኝ።"

"ለምን ሳቅሽ ታዲያ?"

"ደስ ብሎኝ።"

አንዲትም ውሸት የለበትም! ካድሬው ሊቀመንበሩን በትከሻቸው መታ መታ አደረጋቸው። "ጥሩ ቅስቀሳ ነው ማለት ነው ጓድ! ንግግሩን ስጡኝ፣ በሌሎች ቀበሌዎችም ይነበባል።" ወረቀቱን ተቀብሎ ሄደ። የተደገመውን ገጽ ማንም ሳያወጣለት ስንት አዳራሽ ውስጥ ሁለት ሁለት ጊዜ እንደተጨበጨበለት እግዚአብሔር ይወቅ።

ሊቀመንበሩ እስከ ግቢው በር ሸኙን። እትዬ አስቴር ቀድማ ስትወጣ እጄን ያዙኝ።

"ስለ ልጁ…" አሉ በሹክሹክታ።

"የምን ልጅ?" አልኳቸው።

እጄን ለቀቁ። ከዚያ ወዲህ አብዮት ጠባቂ የኛን መንደር መንገድ ረስቶት ቀረ። በግድግዳዬ በኩል ያለው ካፊያም ሳይቋረጥ ዘለቀ።

እዚህ ላይ ታሪኩ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። ግን የአማርኛን ቃል አታውቁትም። ሹክ ማለት በሰው ጆሮ ቀስ ብሎ መናገር ነው። ሹክ ማለት ደግሞ ጠቁሞ ማስያዝም ነው። ሰፈሩ ያየውን አየ፣ ተይዤ ገባሁ፣ ሲመሽ ሳልነካ ወጣሁ። አብዮት ጠባቂውም ያየውን አወራ፣ ሊቀመንበሩ ጆሮ ላይ፣ ቀጥሎም ካድሬው ጆሮ ላይ ስንሾካሾክ። እንግዲህ ሥራዬ ታወቀ! ባንድ ሳምንት ውስጥ ጡሩንባው ሹክ ባይ ሆነ።

ሻይ ቤት ስገባ ወሬ ስለ ዝናብ ይሆናል፣ በበጋም። አብሮ አደጎቼ ሰላምታ ሲሰጡኝ ጮክ ይላሉ፣ የሚደብቁት እንደሌለ ለማሳየት። "እንደምን አደርክ!" የሚለው ጩኸት እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። ድምፄ ግማሹ ብቻ ተመለሰ። ማይክራፎኑ ለሌላ ተሰጠና እኔ የመንገድ ዳር ዛፎችን ውኃ እንዳጠጣ ተመደብኩ። ዛፎቹ አይጠረጥሩኝም ነበር።

ስሜን ማጽዳት እችል ነበር። ምን እንደተባባልን መናገር ብቻ ነው። ግን የሊቀመንበሩ ጥያቄ ሲወጣ ልጁም ይወጣል። ዋጥኩት። የዋጡት ነገር እንዴት እንደሚመር ለማያውቅ ሰው አላስረዳም።

ከወራት በኋላ አንድ ከሰዓት ከሥራ ስመለስ እትዬ አስቴር በሯ ላይ ቆማ ነበር። ሰዎቿ ገብተዋል፣ ጫማዎቹን ከበሩ ውስጥ አይቻለሁ። በአጥር በኩል ጎረቤቶች ያያሉ። ዓይኔን ሰብሬ ላልፍ ስል ጠራችኝ።

"አንተ ልጅ፣ ና ግባ።"

"እትዬ አስቴር፣ እኔ እኮ የናንተ ሃይማኖት…"

"ሃይማኖትህን አልጠየቅኩህም። ግባ።"

"ሰው ምን ይላል? ስለ እኔ የሚባለውን አልሰማሽም?"

"ሰምቻለሁ" አለች። "አልሰማሁም ብዬ አልዋሽም።" ከዚያም ለመንደሩ ሁሉ እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ "ግባ አልኩህ እኮ! ወንበር ይዤልሃለሁ!"

አስቡት። በመላው ሰፈር ሹክ ባይ እጅግ የሚፈራበት ቤት ያ ነው። በዚያ በር፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ሹክ ባይ የተባልኩትን እኔን አስገባችኝ። ውስጥ ከተቀመጡት አንዷ ሴትዮ ጠጋ ብላ ቦታ ሰጠችኝ። ጴንጤ አልሆንኩም፣ ዛሬም የማርያም ልጅ ነኝ። ያን ቀን ግን ግንባሬን ይዤ አለቀስኩ፣ ድምፅ ሳላሰማ፣ እዚያ ቤት ደንቡ እንዲያ ነውና። ከሳምንት በኋላ ሻይ ቤት ስገባ አንዱ ከመቀመጫው ፈቀቅ አለልኝ። የአስቴር በር ከማንኛውም ችሎት የበለጠ ነፃ አውጥቶኛል።

እናንተ ወጣቶች ዛሬ በስልክ ሁሉንም ጮክ ብላችሁ ታወራላችሁ፣ ጥሩ ነው፣ እኔም በዚህ ግማሽ ድምፄ እመርቃችኋለሁ። ነገር ግን ሰው በጆሯችሁ የሚነግራችሁን ነገር አትናቁት። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ለሕዝብ ከተናገርኩት ውስጥ አንዱም ቃል ለማንም አልጠቀመም። የጠቀመችው በካድሬው ጆሮ ያልተናገርኳት አንዲት ቃል ናት።

ሊቀመንበሩ ካረፉ ቆይቷል፣ ለዚህ ነው ይህን የምጽፈው። ልጃቸው መንግሥት ሲለወጥ ከተደበቀበት ወጥቶ እዚያው ቱላ ቀረ፣ አሁን ድንችና ሽንኩርት ይሸጣል፣ የልጆች አባት ነው። ያን ቀን የሆነውን አባቱ የነገሩት አይመስለኝም። አልፎ አልፎ በባጃጅ እስከዚያ ድረስ ሄጄ ከሱ እገዛለሁ። ቀጣፊ ነጋዴ ነው፣ ትንንሹን ድንች ከሥር ያደርጋል፣ ሽራፊ ሳንቲም አይቀንስም።

በቀደም ዕለት እየመዘነልኝ፣ "አባቴ፣ ከተማው ውስጥ ይህ ሁሉ ድንች ሞልቶ እርስዎ ለምን እዚህ ድረስ ይደክማሉ?" አለኝ።

"አንተን ለማየት ነው" አልኩት።

የምቀልድ መስሎት ከት ብሎ ሳቀና አንድ ትልቅ ድንች ጨመረልኝ።